ርካሽ የጠመንጃ መነጽር፦ ያተርፋል ወይስ ያከስራል?

በተለምዶ ሩዋንዳ እየተባለ በሚጠራው የቦሌ ሰፈር አንድ የሳፋሪ አደን ድርጅት ቢሮ ተከራይቶ ይሠራል እንበል። ከውጭ የሚመጡት ደንበኞቹ አብዛኛዎቹ የራሳቸውን ጠመንጃ ይዘው ይገባሉ። አንዳንዶቹ ግን የጉዞውንና የፈቃዱን ጣጣ ሽሽት የድርጅቱን ጠመንጃ መከራየት ይመርጣሉ። ባለቤቱ ለእነዚህ ደንበኞች ካምፕ ውስጥ ለሚያስቀምጠው ጠመንጃ የማነጣጠሪያ መነጽር ሊገዛ ነው። ሻጮች "ስኮፕ" የሚሉት ማለት ነው። ሦስት ዋጋ ቀርቦለታል፤ 80፣ 350 እና 2,000 ዶላር። ሦስቱም ለዓይን ያው ጥቁር ቱቦ ናቸው። ሦስቱም ሩቁን አቅርበው ያሳያሉ። ታዲያ የትኛው ይገዛ?

ጥያቄው የአዳኝ ብቻ ይመስላል እንጂ የማንኛውም ነጋዴ ጥያቄ ነው። የዕቃ ርካሽነት የሚለካው በመግዣው ዋጋ ነው ወይስ ሥራ ላይ እያለ ቢከዳ በሚያስከትለው ኪሳራ?

የአንድ ጥይት ዋጋ

የኢትዮጵያ ሳፋሪ አደን ዋነኛ መስህብ የደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ፣ ያውም ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት እንደ ባሌና አርሲ በመሳሰሉት ከፍተኛ ቦታዎች ነው። በሳይንሱ ዓለም ስም አግኝቶ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነበር። ቁጥሩ በመመናመኑ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው እንስሳት ተርታ ይገኛል። በመሆኑም የሚታደነው በኮታ፣ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ብቻ ነው። ሥራው ሲመራ የቆየው በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ይህንኑ ተከትሎ በ2001 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ነው። በዚያ ደንብ ዘመን የውጭ አገር አዳኝ ለአንድ የደጋ አጋዘን የሚከፍለው የፈቃድ ዋጋ 15,000 ዶላር ደርሷል። የካምፕ፣ የባለሙያ አዳኝና የመጓጓዣ ወጪ ከዚህ ውጭ ነው።

በአፍሪካ የሳፋሪ አደን አንድ የጸና ልማድ አለ። የቆሰለ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል። ደም መሬት ላይ ከታየ እንስሳው ቢያመልጥም አዳኙ ሙሉውን ይከፍላል።

እንግዲህ ሂሳቡ እንዲህ ይሠራል። በ80 ዶላሩና በ350 ዶላሩ መካከል ያለው ልዩነት 270 ዶላር ነው። ርካሹ መነጽር ከመካከለኛው ይልቅ ከመቶ አደን ሁለት ተጨማሪ እንስሳ አቁስሎ የሚያስመልጥ ቢሆን፣ በአንድ አደን ላይ የሚያርፈው የኪሳራ ድርሻ በአማካይ 300 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ የተቆጠበው 270 ዶላር ገና በመጀመሪያው አደን አልቋል ማለት ነው።

ከ350 ዶላሩ ወደ 2,000 ዶላሩ ለመውጣት ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ልዩነቱ 1,650 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ በአንድ አደን እንዲመለስ ውዱ መነጽር ከመቶ አደን አሥራ አንዱን ከስህተት ማዳን ይኖርበታል። በአሥር አደን ላይ ሲከፋፈል ግን ከመቶ አንድ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ቢያድን ይበቃል። ስለዚህ ውዱ የሚያዋጣው ጠመንጃው በየዓመቱ ብዙ ደንበኛ ለሚያስተናግድ ድርጅት ነው። ለጥቂት ደንበኛ መካከለኛው ይበቃል።

የፈቃዱን ዋጋ የሚከፍለው ደንበኛው ስለሆነ "ኪሳራው የእሱ ነው" የሚል ድርጅት አይጠፋም። ሆኖም ጠመንጃውም መነጽሩም የድርጅቱ ከሆነና መነጽሩ ካነጣጠሩበት ፈቀቅ ብሎ ከተገኘ፣ ጠቡ የሚያልቀው በካምፕ አይደለም። ደንበኛው ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቃል፤ አገሩም ሲገባ ለጓደኞቹ ያወራል። በዚህ ሥራ ውስጥ ዋናው ማስታወቂያ የደንበኛ አፍ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከኮታው አንድ እንስሳ ያለ ጥቅም ጎድሏል፤ እንስሳውም ጫካ ውስጥ ቆስሎ እየተሰቃየ ቀርቷል።

ርካሹ የሚከዳው የት ላይ ነው?

ብዙ ገዢ የሚያየው የማቅረብ ኃይሉን ነው። 24 ጊዜ የሚያቀርብ ከ4 ጊዜው ስድስት እጥፍ የተሻለ ይመስለዋል። ርካሽ መነጽር የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ይህን ስለሚያውቁ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ይጽፋሉ። ይሁን እንጂ የአደን መነጽር በቁጥሩ ሳይሆን በሦስት ነገሮች ይመዘናል።

አንደኛው ብርሃን ነው። የደጋ አጋዘን ከጫካውና ከአስታው ወጥቶ የሚታየው በአብዛኛው ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። ከመነጽሩ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት የሚገኘው የፊቱ ሌንስ ስፋት ለማቅረብ ኃይሉ ሲካፈል ነው። 4 ጊዜ የሚያቀርብ ባለ 32 ሚሊ ሜትር መነጽር 8 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ መነጽር 24 ጊዜ ሲያቀርብ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። የሰው ዓይን ብሌን በድንግዝግዝ ብርሃን እስከ 5 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ትንሹ መነጽር ብሩህ፣ ትልቁ ጨለማ ነው። በዚህ ላይ የሌንሱ ቅብ አለ። ቅብ የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከመቶ አራት ያህሉን ብርሃን ይመልሳል። አሥር ገጽ ያለው መነጽር ቅብ ከሌለው አንድ ሦስተኛውን ብርሃን ያጣል። ጥሩ ድርብርብ ቅብ ካለው የሚያጣው ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥብቀት ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደኋላ ይመታል። ለጎሽ አደን የሚያዘው ባለ 375 ካሊበር ምቱ የከበደ ነው። በርካሽ መነጽር ውስጥ መስቀለኛውን መስመር የሚያንቀሳቅሱት ብሎኖችና ስፕሪንጎች ለስላሳ ስለሆኑ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ቦታቸውን ይለቃሉ። ተኳሹ በትክክል አነጣጥሮ ጥይቱ ሌላ ቦታ ያርፋል። ከአዲስ አበባ ባሌ ድረስ ያለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ጉዞ፣ በተለይም ከአስፋልት ከወጡ በኋላ ያለው መንገጫገጭ፣ ገና ሳይተኮስ የሚያላላው ብሎን አለ።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። የባሌ ተራራ ሌሊቱ ብርድ፣ ማለዳው ጭጋግ ነው። አየር የሚያስገባ መነጽር ከድንኳን ሙቀት ወደ ብርዱ ሲወጣ ውስጡ ላብ ይይዛል። ከውጭ ያለውን በጨርቅ መጥረግ ይቻላል፤ የውስጡን ግን ማንም አይጠርገውም። ዛሬ ጥሩ የሚባሉት መነጽሮች ውስጣቸው በናይትሮጅን ወይም በመሰል ደረቅ ጋዝ ተሞልቶ የሚታሸገው ለዚህ ነው። የአሜሪካው ሉፖልድ ፋብሪካ በራሱ ታሪክ እንደሚያወሳው፣ ማርከስ ሉፖልድ አጋዘን ላይ ሲያነጣጥር መነጽሩ በላብ ተሸፍኖ ሳተው፤ በዚሁ ተናዶ የተሻለ ለመሥራት ተነሣ። የመጀመሪያው የሉፖልድ የጠመንጃ መነጽር ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው።

ርካሽ ሁሉ መጥፎ አይደለም

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ፣ ርካሽ የሆነ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930 ዊሊያም ዊቨር የተባለው አሜሪካዊ ተራው አዳኝ ሊገዛው የሚችል መነጽር ሠርቶ አቀረበ። ከአውሮፓ የሚመጣው መነጽር በዚያን ጊዜ የሀብታም ዕቃ ነበር። የዊቨር መነጽር ዝቅተኛ የማቅረብ ኃይል ያለው ቀላል ዕቃ ነበር፤ ገበያውንም ለወጠው።

ትምህርቱ ይህ ነው። በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጡ ሁለት መነጽሮች ውስጥ የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ጥቂት የሆነው የሚበላሽበት ዕድል ያነሰ ነው። በ100 ዶላር የማቅረብ ኃይሉ ከ6 እስከ 24 የሚቀያየር፣ መብራት ያለበት፣ ብዙ ቁልፍ የተደረደረበት መነጽር የሚሸጥ ፋብሪካ ገንዘቡን ለቁልፎቹ አውጥቶታል፤ ለመስታወቱና ለብሎኑ የተረፈ የለም። በዚያው ዋጋ የማይቀያየር 4 ጊዜ አቅራቢ የሚሠራ ፋብሪካ ግን ገንዘቡን መስታወቱ ላይ ለማዋል ዕድል አለው። በጀቱ የጠበበ ገዢ የማቅረብ ኃይሉን ቢቀንስ እንጂ ጥራቱን ባይቀንስ ይሻላል። ከ200 ሜትር ብዙም ሳይርቁ ለሚተኮስ አደን 4 ወይም 6 ጊዜ ማቅረብ በቂ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

መነጽሩ የትኛውም ቢሆን ደንበኛ ከመድረሱ በፊት መፈተን አለበት። ፈተናው ብዙ ወጪ የለውም።

1. አመሻሽ ላይ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም፣ በሁለቱ መነጽሮች አንድን ጥላ ያረፈበት ዛፍ እያፈራረቁ ማየት። ቅርንጫፉ በየትኛው ቀድሞ እንደሚጠፋ ልዩነቱ ይለያል። በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ውስጥ ሁሉም መነጽር ጥሩ ነው።

2. መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አቆይቶ ሞቃት ክፍል ውስጥ ማውጣት። የውጩ ላብ ተጠርጎ ሲያበቃ ውስጡ የደመነ ከሆነ መመለስ ነው።

3. ጠመንጃውን አስደግፎ፣ ሳይነኩት ጭንቅላትን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ። መስቀለኛው መስመር በኢላማው ላይ ብዙ የሚሄድ ከሆነ ለአደኑ ርቀት አይሆንም።

4. ካምፕ ሲደረስ ኢላማ ተክሎ የአራት ማዕዘን ፈተና ማድረግ። አንድ ጥይት ተኩሶ መስመሩን 20 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ እያዞሩ በየማዕዘኑ መተኮስ። አብዛኛው የአሜሪካ መነጽር በ100 ሜትር ላይ በአንድ ጠቅታ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ሃያው ጠቅታ 14 ሴንቲ ሜትር ተኩል ግድም ይሆናል። የመጨረሻው ጥይት ከመጀመሪያው ጎን ካላረፈ ዕቃው አይታመንም።

5. የማሰሪያውን ቀለበት ብሎኖች ከጉዞ በፊትና በኋላ በካቻቢቴ መፈተሽ። መነጽሩ የሚታማበት ብዙው ስህተት የርካሽ ማሰሪያ ጥፋት ነው። 350 ዶላር ለመነጽር አውጥቶ በ10 ዶላር ማሰሪያ ማሰር ፈረስ ገዝቶ በልጓሙ መሰሰት ነው።

ለአስመጪው

የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ተወድዷል። ርካሹን የመምረጥ ፈተናም የጨመረው ለዚህ ነው። ነገር ግን የሳፋሪ ገቢም በዶላር ነው፤ ስለዚህ መነጽሩን ከብር ደመወዝ ጋር ሳይሆን ከዶላሩ የአደን ዋጋ ጋር ማወዳደር ትክክለኛው ሚዛን ነው።

ይህን ዕቃ አስመጥቶ በሱቅ ለመሸጥ ያሰበ ነጋዴ ካለ ግን ቆም ይበል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ከጦር መሣሪያ ጋር የሚገናኝ ነገር ሁሉ በጥንቃቄ ይታያል። ተቆጣጣሪውን ክፍልና ጉምሩክን በጽሑፍ ሳይጠይቁ ማዘዝ ዕቃውንም ገንዘቡንም ሊያስወስድ ይችላል። ገዢዎቹም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ መነጽሩ ፈቃድ ያለው ድርጅት ለራሱ ሥራ የሚገዛው መሣሪያ እንጂ መደርደሪያ ላይ የሚከመር ሸቀጥ አይደለም።

ለሩዋንዳው ድርጅት መልሱ እንግዲህ ይህ ነው። የ80 ዶላሩን ይተወው። ደንበኛው ጥቂት ከሆነ የ350ውን፣ የማቅረብ ኃይሉ አነስተኛ የሆነውን ይግዛ፤ ማሰሪያውን ጥሩ ያድርግ፤ ቀሪውን ገንዘብ ለፍተሻ ጥይት ያውለው። ደንበኛው ሲበዛ ያን ጊዜ የ2,000ውን ያስብ። ዋጋውን የሚወስነው ቱቦው አይደለም፤ ከቱቦው ማዶ የቆመው እንስሳ ነው።