በፕሮሰሰር ላይ የተጻፈው ፍጥነት ምን ይነግረናል?

ያገለገሉ ዕቃዎችን ገዝቶ በቤቱ ኮምፒዩተር የገጣጠመ ተማሪ ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ አዲስ ፕሮሰሰር ሳልገዛ ይህን አሮጌ ላፈጥነው እችላለሁን? ፕሮሰሰርን አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ለምን እንደሚሳካና ምን እንደሚያስከፍል በአንድ ታዋቂ ምሳሌ እንመለከታለን።

ምሳሌያችን ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ ያቀረበው ሴለሮን 300ኤ ነው። ሲወጣ ዋጋው 149 ዶላር ነበር፤ በዚያው ጊዜ የወጣው ባለ 450 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም 2 ደግሞ 669 ዶላር ያወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ተጠቃሚዎች ርካሹን ሴለሮን በ450 ሜጋኸርዝ ሊያሠሩት ችለዋል።

የምቱ ስሌት

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። ማዘርቦርዱ መሠረታዊውን ምት ይሰጠዋል፤ ፕሮሰሰሩም በተወሰነለት ማባዣ ያበዛዋል። የሴለሮን 300ኤ ማባዣ 4.5 ሲሆን ሊለወጥ አይችልም። ስለዚህ የማዘርቦርዱ ምት 66.7 ሜጋኸርዝ ሲሆን 66.7 × 4.5 = 300 ይሆናል፤ ምቱ ወደ 100 ከፍ ሲል ግን 100 × 4.5 = 450 ይሆናል ማለት ነው።

በ300 ሜጋኸርዝ አንድ ምት 3.3 ናኖሰከንድ ይፈጃል፤ በ450 ግን 2.2 ናኖሰከንድ ብቻ። በዚህች ቅጽበት ትራንዚስተሮቹ ከ0 ወደ 1 ወይም ከ1 ወደ 0 ተለውጠው መርጋት ይኖርባቸዋል። ካልረጉ የሚመዘገበው ውጤት የተሳሳተ ይሆናል።

ታዲያ ሴለሮኑ ይህን እንዴት ቻለ? በፕሮሰሰር ላይ የተጻፈው ቁጥር አምራቹ የገባው ዋስትና እንጂ የአቅም ወሰን አይደለም። አምራቹ በሙቀት፣ በቮልቴጅ መዋዠቅና በእርጅና ጊዜም እንዲሠራ በማሰብ ትርፍ አቅም ይተውለታል። ርካሽ ፕሮሰሰር በብዛት ሲፈለግም ለከፍተኛ ፍጥነት የሚበቃው በዝቅተኛ ቁጥር ሊሸጥ ይችላል። በተጨማሪም የሴለሮን 300ኤ 128 ኪሎባይት ካሽ ሜሞሪ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ሲሊከን ላይ ስለነበረ አብሮት መፍጠን ችሏል።

ሙቀቱ

ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ፍጥነቱን ከ300 ወደ 450 ብቻ ከፍ ብናደርግ ኃይሉ 1.5 እጥፍ ይሆናል። አልረጋ ብሎን ቮልቴጁን ከ2.0 ወደ 2.2 ብንጨምር ግን 1.5 × 1.21 ማለትም ወደ 1.8 እጥፍ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ በቂ ማራገቢያ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የዛሬ ፕሮሰሰሮች ሲግሉ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ፤ ሴለሮን 300ኤ ግን ይህን አያደርግም።

ድምፅ የሌለው ስሕተት

ኮምፒዩተሩ አልነሣ ካለ ጥፋቱ ወዲያው ይታወቃል። ተነሥቶ የተሳሳተ ድምር ቢሰጠን ግን በምን እናውቅበታለን? ሃርድ ዲስኩን የሚያገናኘው መስመርም ምቱን የሚያገኘው ከዚያው ከማዘርቦርዱ በማካፈል ነው። ትክክለኛ ምቱ 33 ሜጋኸርዝ ነው፤ ይህም 66 ለ2 ወይም 100 ለ3 ሲካፈል የሚገኝ ነው። 83 ሜጋኸርዝ ለ2 ቢካፈል ግን 41.5 ይሆናል። መካከለኛ በመሆኑ አስተማማኝ የሚመስለው ፍጥነት በዲስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሊያበላሽ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ይህን መሞከር የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ የጥናት ጽሑፎቹን በሌላ ቦታ ይቅዳ፤ የባዮስ የመጀመሪያ ቁጥሮችንም በወረቀት ይመዝግብ። ራሙ ለ100 ሜጋኸርዝ የተሠራ መሆኑንና የምቱን ማካፈያ ያረጋግጥ። ከዚያም እንደ ፕራይም95 ያለ፣ የስሌቱን ውጤት አስቀድሞ ከታወቀ መልስ ጋር የሚያነጻጽር ፕሮግራም ለብዙ ሰዓታት ያሂድ። አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ይገባል። ሁሉም ሴለሮን 300ኤ 450 ሜጋኸርዝ አልደረሰም፤ የእኛ መድረሱን የሚነግረንም የጓደኛችን ኮምፒዩተር ሳይሆን የራሳችን ፈተና ብቻ ነው።