ለጥምቀት በአባት ቤት፤ ስለ ወንድማማች ቅንዓት የተጻፈ ትምህርት

በዓለ ጥምቀት ሲቃረብ በጋይንትና በስማዳ በእስቴም ያሉት መንገዶች በሰው ይሞላሉ። ከባሕር ዳርና ከጎንደር ከአዲስ አበባም የሚመጣው ደብረ ታቦርን አልፎ፥ የጉናን ተራራ በስተቀኙ ትቶ ወደ ነፋስ መውጫ ይሄዳል። የታች ጋይንቱ ወደ ዐርብ ገበያ፥ የእስቴው ወደ መካነ ኢየሱስ፥ የስማዳው ወደ ወገዳ ይገባል። እናት ጠላዋን ጠምቃ ድፎዋን ደፍታ፥ አባትም ሙክቱን አስሮ ይጠብቃሉ። ከዓመት እስከ ዓመት ያልተያዩ ወንድማማችና እኅትማማች በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ይህ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው ጣራ ሥር ቅንዓትም አብሮ ያድራልና፥ ስለዚህ ነገር ጥቂት ልንነግርህ እንወዳለን።

በዓሉ ጥር 11 ቀን ይዋል እንጂ የሚጀምረው በከተራ በጥር 10 ነው፤ ታቦታቱ ወጥተው በውኃ ዳር በድንኳን ያድራሉ። ጥር 12 ቀንም ቃና ዘገሊላ፥ የሰርግ ቤት ተአምር የሚታሰብበት ቀን ነው። በ2012 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። የዛሬው ነገራችን ግን ከታቦቱ ኋላ ስለሚሄዱት ጎበዛዝትና ቈነጃጅት ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለምን? ጎረምሳው የወደዳትን ልጃገረድ ደረትዋን በሎሚ መምታቱም የቆየ ልማድ ነው። ዳግመኛም ከጥምቀት ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ የሰርግ ወራት ነው፤ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፥ ሽማግሌዎችም ከቤት ወደ ቤት ለማጨት ይመላለሳሉ። እንግዲህ የልጆች ወደ ቤት መመለስና የጋብቻ ወሬ በአንድ ሳምንት ይገጥማሉ። በሌላ ጊዜ ተሸፍኖ የሚኖረው የወንድማማች ነገር በዚህ ሳምንት የሚገለጠው ስለዚህ ነው።

አሁን አንድ ቤት በዐይነ ሕሊናህ አቁም፤ ከጉና በታች ካሉት ቤቶች ማንኛውም ሊሆን ይችላል። ሁለት ወንድ ልጆች አሉ። ታላቁ ከአባቱ ጋር ቀርቶ ያርሳል፤ ታናሹ በደብረ ታቦር ተምሮ ወደ ትልቅ ከተማ ሄዷል። ታናሹ ለበዓል ሲገባ አባት «ና፥ ከጎኔ ተቀመጥ» ይለዋል። እናት እግሩን ታጥባለች፤ ጎረቤቱም ሊያየው ይመጣል። ሙክቱን ያረደው፥ ውኃውን ያስቀዳው፥ እንጨቱን የፈለጠው ታላቁ ነው፤ ነገር ግን «እጅህ ይባረክ» ያለው ማንም የለም። እርሱ በየቀኑ ያለ ነውና እንደ ምሰሶው ይቈጠራል፤ ምሰሶን ደግሞ እንግዳ አድርጎ የሚቀበል የለም።

ይህ ታላቅ ወንድም በልቡ ያሰባት አንዲት ልጅ አለች። ከወንዝ ማዶ ያለች ናት። ሽማግሌ ሊልክ ያሰበው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ይህንም ለእናቱ ብቻ ነግሯታል። ታናሹ ነገሩን አያውቅም። በከተራ ዕለት ያችን ልጅ አየ፥ ወደዳት፥ ሎሚም ወረወረ፤ እርስዋም ሳቀች። ማታ ከእሳት ዳር ተቀምጦ ይህን እንደ ጨዋታ አወራው፥ ቤቱም ሁሉ ሳቀ። ታላቁ «ከብቱን ልይ» ብሎ ወጣ፥ ሳይመለስም ብዙ ቆየ።

አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ልብ በል፤ ያ ሰው በጨለማ በበረቱ አጠገብ ሲቆም የተቈጣው በሎሚው ነውን? ሎሚውስ ትንሽ ነገር ነበር። ወንድሙ እንዳላወቀ እርሱም ያውቃል። እውነቱን እንናገር፤ እርሱ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲቈጥር ኖሯል። ወንድሙን ለማስተማር የተሸጠውን በሬ ቈጥሯል። በዚያ ክረምት በጎረቤት በሬ ተዳብሎ ማረሱን ቈጥሯል። ደብዳቤ ሲመጣ በአባቱ ፊት የታየውን ደስታ፥ እርሱ ምርት ሲያስገባ ያልታየውን፥ ቈጥሯል። ልጅቱ የዚህ ሒሳብ መዝጊያ ሆነችበት። «ሁሉን ወሰደ፥ አሁን ደግሞ እርስዋን» አለ በልቡ።

ታናሹም ሒሳብ የሌለው አይምሰልህ። እርሱ በከተማ በኪራይ ቤት ያድራል፤ የአባቱ ማሳና ቤት ለታላቁ እንደሚቀሩ ያውቃል። በአባቱ ፊት እንግዳ መሆኑን፥ እንግዳ ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ እንደሚሸኝ ያውቃል። ስለዚህ በሦስቱ ቀን ሁሉን ሊያስቅ፥ በሁሉም ዘንድ ሊወደድ ይጣጣራል። ሎሚውን የወረወረው ለልጅቱ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ «እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ» ለማለትም ነበር።

ይህ ነገር በዚህ አገር ሥሩ ጥልቅ ነው። በቀድሞው የርስት ሥርዐት በቤጌምድርም እንደ ጎጃም ልጅ ሁሉ፥ ወንድም ሴትም፥ በአባቱም በእናቱም በኩል ርስት ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ ወንድም የሚባለው የሚወደድ ሰው ሲሆን ያን ጊዜውኑ ከማሳህ ላይ የሚካፈል ሰው ነበረ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ መሬት የሕዝብ ሆነና ርስት ቀረ፤ በ1989 ዓ.ም.ም በአማራ ክልል በብዙ ወረዳ መሬት እንደ ገና ተሸነሸነ። ማሳው ጠበበ እንጂ መተያየቱ አልቀረም። በንጉሥ ልጅ የሚቀና ገበሬ የለም፤ በአንድ መሶብ ከበላው ጋር ግን ጉርሻ ይቈጣጠራል።

በዚያው አውራጃ የሆነውን የታወቀ ታሪክ አስታውስ። የደጃዝማች ኃይለ ማርያም ልጆች ውቤና መርሶ በአባት አንድ በእናት ልዩ ልዩ ነበሩ። አባታቸው ከሞተ በኋላ አገሩን ውቤ ያዘ፥ መርሶም ቂም ያዘ። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ከራስ አሊ ጋር ተዋጋ፤ ራስ አሊ ሸሸ፥ ውቤም ድል አድርጌአለሁ ብሎ ሲደሰት የራስ አሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሶ ማረከው። ራስ አሊም የውቤን አገር ለማን ሰጠው? ለወንድሙ ለመርሶ። ብዙ ሳይቆይ ውቤ ተለቀቀና አገሩን መልሶ ያዘ። ይህ ሁሉ የተደረገው ለመርሶ ታዝኖለት አልነበረም፤ የወንድማማች ቂም ለሦስተኛው ሰው ምቹ መሣሪያ ስለሆነ ነው። በበዓል ቀንም እንዲህ ያለ ሦስተኛ ሰው አይታጣም። የአጎት ልጅ ይሆናል፥ ጎረቤት ይሆናል፤ ጠላውን እየጠጣ በታላቁ ጆሮ «አየኸው ያንን ልጅ፥ ሊንቅህ ነው የመጣ» ይላል። ከጠላው በኋላ አረቄ ይቀርባል። በመጠጥ ላይ ስለተነገረ አንድ ቃል ደም የፈሰሰበት ቤት፥ ሽማግሌዎችም ደም ለማድረቅ ዓመታት የደከሙበት ቤት መኖሩን አንተ ራስህ ሰምተሃል።

የልጅቱ ነገርስ? ሁለቱ ወንድማማች ስለ እርስዋ ሲቋሰሉ ማናቸውም እርስዋን አልጠየቁም። የሳቀችው ሎሚ ስለ ተወረወረባት ነው፤ የጥምቀት ሳቅ ቃል ኪዳን አይደለም። ነገሩ ከቤት ወጥቶ በመንደሩ ሲወራ ግን ስሙ የሚጎድፈው የእርስዋ ነው፤ «ወንድማማች ያጣላች» ትባላለች። ወንዶቹ በሽማግሌ ይታረቃሉ፥ በግም ይታረድላቸዋል፤ የእርስዋን ስም የሚያድስ ሽማግሌ ግን ማን ይልካል? ይህን ግፍ ከሁሉ የከፋ ብለን እንቈጥረዋለን።

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የልያንና የራሔልን ታሪክ አንብበህ ታውቃለህ። ብዙ ሰው ሲያነብበው ያዕቆብ መታለሉን ብቻ ያያል። እኛ ግን እኅትማማቾቹን እንድታይ እንወዳለን። በሰርጉ ማታ ልያን በራሔል ፋንታ ያገባት አባትዋ ላባ ነው፤ ታላቂቱ ሳለች ታናሺቱን መዳር ያገራችን ልማድ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ይህ ክርክር በእኛም አገር ዛሬ በጆሮ አዲስ አይደለም። ልያ ትወድ እንደ ሆነ፥ ራሔልም ትቀበል እንደ ሆነ የጠየቀ የለም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እኅትማማች ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጅ በመቍጠር ተፎካከሩ፤ ራሔል ንፍታሌም ብላ ያወጣችው ስም እንኳ ከእኅትዋ ጋር ስለ መታገልዋ የሚናገር ነው። እነሆ፥ የእናቶች ፉክክር በልጅ ስም ላይ ተጻፈ። ኋላም ሕጉ በዘሌዋውያን ሰው የሚስቱን እኅት ባላጋራ አድርጎ እንዳያገባባት ከለከለ። በዚያው መጽሐፍ ስለ ርብቃ የተጻፈው ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ሊወስዳት ሲመጣ ቤተ ሰቦችዋ ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን ብለው ጠየቋት፥ እርስዋም በአፍዋ መለሰች። ከላባ ቤት ይህ አንድ ጥያቄ ጠፋ፤ ያውም ርብቃ ስትጠየቅ ላባ ራሱ እዚያው ነበረ።

የአገራችንም ሕግ ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ግድ ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ በ1995 ዓ.ም.ም የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፥ የሁለቱም ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ ሳይኖር፥ ዕድሜያቸውም 18 ዓመት ሳይሞላ ጋብቻ እንዳይደረግ አዝዘዋል። ልጃገረድን በሕፃንነትዋ መዳር በእነዚህ አውራጃዎች የቆየ ልማድ ስለ ሆነ ይህን ማወቅ ለተማሪ ሁሉ ይገባዋል። እኅቴ ሆይ፥ አንቺም ለበዓል ወደ ቤት ስትገቢ ሳትጠየቂ የተቈረጠልሽ ነገር ቢጠብቅሽ፥ ሕጉ ከአንቺ ጋር መሆኑን እወቂ።

ስለ ዋርሳም አንድ ቃል እንበል። አማች ለበዓል ወደ ሚስቱ አባት ቤት ሲመጣ ከሚስቱ ታናሽ እኅት ጋር መቀላለዱ የተለመደ ነው፤ ጨዋታውም ቤትን ያሞቃል። ነገር ግን ሚስት ስታፍር ካየህ፥ ወይም ስትወጣ ሳቁ ከፍ ስትገባ ዝቅ የሚል ከሆነ፥ ያ ጨዋታ አልቋል። የቤተሰብ ሕጉም ሰው የሚስቱን እኅት፥ ሴትም የባልዋን ወንድም እንዳታገባ ከልክሏል።

ወደዚያ ቤት እንመለስ። ታላቁ ወንድም ምን ያድርግ? በበረቱ መቆም መፍትሔ አይሆንም። ታናሹን ለብቻው ወደ ማሳው ይዞት ይሂድና ሁለቱን ነገር ለይቶ ይንገረው፤ የልጅቱን ለብቻ፥ የበሬውን ለብቻ። ሁለቱ ተደባልቀው ከተነገሩ ታናሹ የልጅቱን ብቻ ይሰማል፥ «እኔ ምን አውቄ!» ይላል፥ እውነቱንም ነው፤ የበሬውም ነገር ሳይነገር ለሌላ ዓመት ይቀመጣል። ታናሹም ይህን ሲሰማ ለመከራከር አይቸኵል። በሬው ስለ እርሱ መሸጡን ምናልባት ከዚያ ቀን በፊት አልሰማ ይሆናል። ከሰማ በኋላ በአባቱ ፊት፥ ጎረቤት ባለበት፥ «እኔ የተማርሁት በወንድሜ ጫንቃ ነው» ቢል ምን ይጎዳዋል? ልጅቱን በተመለከተ ማናቸውም ለሌላው አይተዋት፥ አይስጣትም፤ የሚሰጡት ወይም የሚተዉት ዕቃ አይደለችምና። የሚበጀው በአክስትዋ ወይም በሌላ በምታምነው ሰው በኩል ፈቃድዋን መጠየቅ ነው። ሁለቱንም አልወድም ብትል ደግሞ፥ ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነው፥ ወንድማማቾቹ አብረው ይስቁበት ዘንድ ጥሩ አጋጣሚ አገኙ።

አባትም ያድምጥ። በወንጌል የተጻፈው የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ከግብዣው ውጭ ሲቆም አባቱ አሽከር አልላከበትም፤ ራሱ ወጥቶ ለመነው። የእኛ አባቶች ይህን ማድረግ እንደ ውርደት ይቈጥሩታል፤ «ይምጣ እንጂ፥ ቤቱ አይደለም?» ይላሉ። ወደ በረቱ አሥር ርምጃ መሄድ ግን ሽምግልናን አይቀንስም።

እናቲቱ ደግሞ የታላቁን ልብ ከሁሉ በፊት ታውቅ ነበረ። ዝም ያለችው ለክፋት አልነበረም፤ ልጅዋ ራሱ እስኪናገር ብላ፥ በዓሉም እንዳይደፈርስ ብላ ነው። ነገር ግን ታናሹ በከተራ ዋዜማ ማታ በደረሰ ጊዜ እግሩን እያጠበች «ያችን የማዶዋን ልጅ ወንድምህ ሊያስጠይቃት ነው» ብትለው ኖሮ፥ ሎሚው በኪሱ በቀረ ነበር።