ዓመቱ መምህር ሲሆን፤ ከአንግሊካን ክርስቲያኖች አምልኮ የምናገኘው ትምህርት



በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚኖር ክርስቲያን በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ በላይ የሆነ የዘመን አቈጣጠር ያጋጥመዋል። አብዛኛው ጎረቤቱ ሙስሊም በመሆኑ የረመዳን ጾም በጨረቃ እየተቈጠረ ከወቅት ወደ ወቅት ሲዘዋወር ያያል። እርሱ ልደትን ታኅሣሥ 29 ቀን ያከብራል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ደግሞ የምዕራቡ ዓለም በዓሉን ቀድሞ ማክበሩን ይሰማል። ልጆች «ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ቀኑን ብቻ ነግሮ ማሰናበት አይበቃም። መምህሩ ዓመቱ ራሱ ምን እንደሚያስተምር ማወቅ አለበት።

ለዚህ እንዲረዳን የአንግሊካን ክርስቲያኖችን የቤተ ክርስቲያን ዓመት እንመልከት። ለምን እነርሱን? የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1534 ከሮም መንበር ስትለይ ብዙ ነገር ጥላለች፤ ዓመቱን ግን አልጣለችም። ከዚህም በላይ ካህን በሌለበት ቦታ እንኳ ሕዝቡ በአንድ መጽሐፍ እየተመራ ዓመቱን እንዲኖረው አድርጋለች። ካህን በየሳምንቱ በማይደርስበት መንደር ምእመናንን ለሚሰበስብ መምህር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ነገሩ ለሀገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የአንግሊካን ሚሲዮን ማኅበር የላካቸው ቄስ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥተው በአንኮበር ተቀምጠዋል፤ ኦሮምኛ ተምረውም ከወንጌል ክፍሎችን ወደዚያ ቋንቋ ለመተርጎም ደክመዋል። በ1842 ከአንኮበር ወጥተው በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ሲጓዙ አዳራ ቢሌ በተባለ የአካባቢው ባላባት ተይዘው፣ ንብረታቸውን ተቀምተው ምጽዋ የደረሱት በብዙ መከራ ነው። በእነዚያው ዓመታት የሥራ ባልደረባቸው ቄስ ካርል ዊልሄልም ኢዘንበርግ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ በአማርኛ ተርጕመው ለንደን ላይ አሳትመዋል። የእኛው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያኮቢስም ወደ ትግራይ የገቡት በ1839 መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን የጸሎት መጽሐፍ በመጀመሪያ በ1549 ያዘጋጁት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር ናቸው፤ እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው ግን የ1662ቱ እትም ነው። ክራንመር በገዳማት ይጸለዩ የነበሩትን የቀንና የሌሊት ሰዓታት ወደ ሁለት፣ ማለትም ወደ ጠዋትና ወደ ማታ ጸሎት ሰበሰቧቸው። መቶ ኀምሳውም መዝሙረ ዳዊት በአንድ ወር እንዲዳረስ ከፋፈሉት፤ በእኛ ዘንድ ዳዊት ለሳምንቱ ዕለታት ተከፋፍሎ እንደሚደገም ያስታውሷል። ለእያንዳንዱ እሑድ ደግሞ አንድ አጭር የመክፈቻ ጸሎት ተመደበለት። ብዙዎቹ ከጥንቱ የላቲን ሥርዓት የተተረጐሙ ናቸው። ጸሎቱ በእሑድ ተጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ስለሚደጋገም፣ ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር በቃሉ ይይዘው ነበር። ዓመቱ አስተማሪ የሆነው በዚህ መንገድ ይመስለናል፤ ከረጅም ስብከት ይልቅ በልብ በሚያድር አጭር ጸሎት።

ዓመታቸው የሚከፈተው ከልደት በፊት ባሉት አራት እሑዶች፣ በዘመነ ምጽአት ነው። የመጀመሪያው እሑድ ጸሎት ከጨለማ ሥራ ስለ መለየት ይለምናል፤ እስከ ልደት ዋዜማም በየቀኑ ይደገማል። በግዕዝ ሥርዓታችን ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የምንላቸውን ሦስት እሑዶች የሚያውቅ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል። የሁለተኛው እሑድ ጸሎት ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ነው፤ ቃሉን ሰምቶ ማለፍ ሳይሆን እንደ ምግብ ከሰውነት ጋር እንዲዋሐድ ማድረግን ይለምናል። ከዘመነ ምጽአት በፊት ያለው የመጨረሻው እሑድ ጸሎት እግዚአብሔር የምእመናንን ፈቃድ እንዲያነቃቃ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የእንግሊዝ እናቶች እርሱን በሰሙ ጊዜ የገናን ጣፋጭ ማማሰል ይጀምሩ ነበር። የጸሎት ቃል እስከ ማድ ቤት ሲደርስ ደስ ያሰኛል።

እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን የሚያከብሩት የአስተርእዮ በዓል ከእኛ ይለያል። እኛ በጥምቀት የጌታን በዮርዳኖስ መገለጥ ስናስብ፣ እነርሱ እንደ ምዕራባውያን ሁሉ የሰብአ ሰገልን መምጣት ያስባሉ። ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ክርስቶስ ለአሕዛብ ተገለጠ።

ዐቢይ ጾም በአመድ ረቡዕ ይጀምራል። በ1548 የአመድ መቀባት ሥርዓት በእንግሊዝ ተከልክሎ ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ግን በብዙ ቦታዎች ተመልሷል። ክራንመር ለዚህ ቀን የደረሱት አዲስና የተሰበረ ልብን የሚለምን ጸሎት በጾሙ ዕለታት ሁሉ ይደገማል። የጾማቸው ሥርዓት ከእኛ ኀምሳ አምስት ቀን ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

የትንሣኤ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይለያየናል፤ የሚገጥምበትም ዓመት አለ፤ ለምሳሌ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የሁላችንም ትንሣኤ ነበረ። እንዲሁ የገጠመበት አንድ ዓመት በወሎ ምድር የማይረሳ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ዕለቱ የስቅለት ዓርብ ሲሆን፣ የእንግሊዝና የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በመቅደላ ግርጌ በእሮጌ ተዋጉ። ሚያዝያ 5 ቀን ትንሣኤ ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ የበዓሉን ቀን ጠቅሰው ላሞችና በጎች ለእንግሊዞቹ አዛዥ ላኩ፤ ስጦታው ግን ተቀባይነት አላገኘም። በማግሥቱ ንጉሡ ሞቱ፤ መቅደላም ተዘረፈ። ከእስር ከተፈቱት መካከል የአንግሊካን ካህን ሄንሪ ስተርን ነበሩ። በአንድ ቀን ትንሣኤን የሚያከብሩ ክርስቲያኖች በዚያው በዓል እንዲህ መሆናቸው፣ አቈጣጠር አንድ መሆኑ ብቻውን ልብን አንድ እንደማያደርግ ያሳያል። ከመቅደላ ተወስዶ በኤድንብራ በሚገኝ የስኮትላንድ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም በአንግሊካኖች ዘንድ የቆየ አንድ ታቦት በ2002 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል።

ከዕርገት በፊት ባሉት ሦስት ቀናት የሚደረገው የምልጃ ጸሎት ለአካባቢያችን ልዩ ትርጉም አለው። ካህኑና ሕዝቡ ስለ አዝመራ እየጸለዩ የቁምስናውን ወሰን በእግራቸው ይዞራሉ። በ1633 ያረፉት የገጠር ካህንና ባለቅኔ ጆርጅ ኸርበርት ለዚህ ልማድ አራት ጥቅም ይቈጥሩለታል፤ በእርሻው ፍሬ ላይ በረከት ይለመናል፤ ወሰን በፍትሕ ይጠበቃል፤ አብረው ሲሄዱ የተጣሉት ይታረቃሉ፤ ለድኾችም ይመጸወታል። በእኛ አቈጣጠር ዕርገት የሚውለው ገበሬው የክረምቱን ዝናብ በሚጠባበቅበት ወራት ነው። በቦርከና ሸለቆ ወሰን፣ ግጦሽና ውኃ ምን ያህል ጠብ እንደሚያስነሡ የማያውቅ የለም። በ2013 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ የደረሰውን የሰው ሞትና መፈናቀል ያየ ሁሉ፣ በወሰን ላይ ቆሞ ለጎረቤት አዝመራ መጸለይ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ጎረቤቱ ሙስሊም ቢሆንም ዝናቡ የሚዘንበው ለሁለቱም ነው። መምህራን ይህን ልማድ ከቆሞሳቸው ጋር ተመካክረው ቢያስቡበት መልካም ነው እንላለን።

ከጰራቅሊጦስ በኋላ ያለው እሑድ የቅድስት ሥላሴ በዓል ነው። ቅዱስ ቶማስ ቤኬት በ1162 በዚህ እሑድ ጵጵስና ተቀብለው በዓሉን በካንተርበሪ አጸኑት፤ በመላዋ የላቲን ቤተ ክርስቲያን የተደነገገው በ1334 ነው። እንግሊዞች ከዚያ ወዲያ ያሉትን እሑዶች ሁሉ «ከሥላሴ በኋላ» እያሉ መቍጠር ልማዳቸው ሆነ።

በዚህ ዓመት ውስጥ ትልቅ ጕድለትም እናያለን። የ1662ቱ መጽሐፍ ለእመቤታችን የራሱ ጸሎት ያለው በዓል የመደበላት ለብሥራትና ለመንጻት ብቻ ነው፤ ፍልሰታ የለም። ነሐሴን በጾምና በውዳሴ ማርያም ለምናሳልፍ ለእኛ ይህ ባዶ ቤት ይመስላል። ስለ ሙታን የሚደረገው ጸሎትም በአብዛኛው ተነሥቷል። ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ በ1896 ስለ አንግሊካን ክህነት በሰጡት ውሳኔ ምክንያት በቅዱስ ቁርባን አንካፈልም። የሆነ ሆኖ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ካቶሊካዊ ትውፊት በከፊል ጸንቶ ከቆየባቸው ማኅበራት መካከል ለአንግሊካን ልዩ ስፍራ እንዳላት መስክሯል።

ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 ባወጡት ሐዋርያዊ ሕግ መሠረት፣ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የገቡ አንግሊካኖች የጸሎት ቅርሳቸውን ይዘው እንዲኖሩ ተፈቅዶላቸዋል። ከ2015 ዘመነ ምጽአት ጀምሮ በሚገለገሉበት የቅዳሴ መጽሐፍ ውስጥ «ከሥላሴ በኋላ» የሚባሉት እሑዶችና የምልጃው ቀናት ይገኛሉ። በሀገራችን ደግሞ በጋምቤላ ያሉት የአንግሊካን ጉባኤያት በብዙ ቦታ የሚመሩት ካህን ባልሆኑ አንባቢዎች ነው፤ የሥነ መለኮት ኮሌጃቸውም በአባታችን በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም ተሰይሟል።

ለውይይት እንዲሆን፦ በቁምስናችሁ ያሉ ልጆች ያለፈው እሑድ ስያሜ ምን እንደ ነበረ በቃላቸው ይናገራሉን? ካህን ባልመጣበት እሑድ የምትጸልዩት አጭር የዘመኑ ጸሎት የትኛው ነው? ሙስሊም ጎረቤታችሁ ስለ በዓላችን ቢጠይቃችሁ፣ ቀኑን ሳይሆን ምሥጢሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛና በኦሮምኛ እንዴት ትነግሩታላችሁ?