ሕፃናትን ይዞ የአንድ ቀን ጉዞ በትንሽ ወጪ ስለ ማዘጋጀት

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት፤ ምሳሌው ከአንኮበር አገር የተወሰደ

አንደኛ፤ ስለ ጉዞው ጥቅም

በአንኮበር ተራራ ሥር የሚያድግ ልጅ ዳገቱንና ቁልቁለቱን የሚያውቀው በሥራ ነው። ወደ ወንዝ የሚወርደው ውሃ ሊቀዳ፥ ወደ ዱር የሚሄደው እንጨት ሊለቅም፥ ወደ መስክ የሚወጣው ከብት ሊጠብቅ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ልጅ ከቤቱ በላይ ያለው የግንብ ፍራሽ የማን እንደ ነበረ፥ ከቤቱ በታች ያለው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ሳይጠይቅ ያድጋል። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ያንኑ ተራራ ለማየት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሲወጣ ያያል፤ እንግዳውም «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቀው የሚመልሰው ያጣል። ይህ በልጁ ሊፈረድበት የሚገባ ጥፋት አይደለም፤ ወስዶ ያሳየው ሰው የለምና።

ስለዚህ አባትና እናት በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያህል ልጆቻቸውን ይዘው፥ ለሥራ ሳይሆን ለማየትና ለመማር ቢወጡ ብዙ ጥቅም ያገኛሉ። ልጁ አገሩን ያውቃል፤ ወላጁም የልጁን ጠባይ ያውቃል። በቤት ውስጥ ዝም የሚል ልጅ በመንገድ ላይ ብዙ ጥያቄ ሲጠይቅ ይገኛልና።

ሁለተኛ፤ ልማዱ ከጥንት የነበረ ስለ መሆኑ

አንዳንድ ሰው «ለመዝናናት መጓዝ የባለጸጋ ነገር ነው» ይላል። ነገር ግን ድኻውም ቢሆን የጎረቤት ደብር ታቦት በሚነግሥበት ቀን ሕፃኑን በአንቀልባ አዝሎ፥ ከፍ ያለውን ልጅ በእጁ ይዞ፥ አሮጊቷን እናቱን በበቅሎ አስቀምጦ ማልዶ ሲሄድና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲመለስ ኖሯል። ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ፥ ስንቅ መያዝ፥ ማልዶ መነሣትና በጊዜ መመለስ ከዚያ የተገኘ ትምህርት ነው። አሁን የሚጨመረው ነገር ቢኖር የሚታየውን ነገር ለልጆች መንገርና ጉዞውን በልጆች አቅም መለካት ብቻ ነው።

በሌላም አገር እንዲህ ያለ ልማድ አለ። በጃፓን አገር የትምህርት ቤት ልጆች ምሳቸውን ከቤታቸው ይዘው መምህራቸውን ተከትለው የአንድ ቀን ጉዞ ይሄዳሉ፤ ይህም በቋንቋቸው «ኤንሶኩ» ይባላል።

ሦስተኛ፤ መንገዱን በታናሹ ልጅ ስለ መለካት

የጉዞው ልክ የታናሹ ልጅ እግር ነው። ይህን ሕግ የረሳ ሰው መንገዱን በራሱ እግር ይቈጥርና እኩለ ቀን ሲሆን የሚያለቅስ ልጅ ተሸክሞ ዳገት ላይ ይቀራል።

ጐልማሳ ሰው በሜዳ ላይ በአንድ ሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ዳገት ሲሆን ለያንዳንዱ 600 ሜትር ከፍታ 1 ሰዓት ይጨመርበታል። ዕድሜው ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆነ ልጅ ካለ ይህ ጊዜ በእጥፍ ይታሰብ። ምሳሌ፤ ከቤት 3 ኪሎ ሜትር የሚርቅ፥ 200 ሜትር የሚያስወጣ ስፍራ ቢኖር፥ ጐልማሳው ለርቀቱ 36 ደቂቃ፥ ለዳገቱ 20 ደቂቃ፥ በጠቅላላው 56 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከልጁ ጋር ግን 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይሆናል። ለመመለሻው 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፥ ለዕረፍት 1 ሰዓት ያህል፥ በስፍራው ለመቈየት 2 ሰዓት ቢታሰብ ድምሩ ወደ 6 ሰዓት ይጠጋል። እንግዲህ ከጧቱ 2 ሰዓት የተነሣ ቤተ ሰብ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ከቤቱ ይገባል። ሂሳቡ ከዚህ ከበለጠ ስፍራው ለዚህ ቤተ ሰብ ሩቅ ነውና ልጁ እስኪያድግ ይቈይ። ቁልቁለትም ቢሆን ከልጅ ጋር ጊዜ የሚያሳጥር እንዳይመስል፤ ገደላማ ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ይታዘላል። ሕፃን ያዘለ ሰው ስንቅ አይሸከም፤ እጁም ለምርኩዝ ነጻ ይሁን።

አራተኛ፤ ስለ ወራቱና ስለ ቀኑ

በክረምት መንገዱ ይጨቀያል፥ ጉምም ገደሉን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ሕፃናት ይዞ መውጣት አይገባም። መልካሙ ጊዜ ከመስቀል በዓል በኋላ ያለው ሰሞን ነው፤ ሣሩ ለምለም፥ አደይ አበባውም ያልረገፈ ነውና። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራ ቢሆንም የመከር ወራት ስለ ሆነ እጅ ሁሉ ለሥራ ይፈለጋል፤ በደጋውም ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከጥምቀት በኋላ፥ የበልግ ዝናም ሳይጀምር፥ ሁለተኛው መልካም ጊዜ ነው።

የጾም ቀን አይመረጥ። ወላጆቹ እስከ 9 ሰዓት እየጾሙ ሕፃን አዝለው ዳገት ቢወጡ ይደክማሉ፤ የደከመ ወላጅም ቶሎ ይቈጣል።

ሰማዩም የጠራ፥ ቀኑም የተመቸ ቢሆን፥ የመንገዱን ጸጥታ ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከቀበሌው አስቀድሞ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሚያጠራጥር ነገር ከተሰማ ጉዞውን ለሌላ ቀን ማዛወር ብልህነት ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ስንቅና ስለ ወጪ

ለአንድ ቀን ደስታ ብሎ መበደር ወይም ለዘር የተቀመጠውን እህል መሸጥ አይገባም። ልጅ የተበላውን ነገር ዋጋ አያውቅም፤ ከቤት የተጋገረ ዳቦ በተራራ ላይ ሲበላው ከሱቅ ከተገዛው ይልቅ ይጥመዋል።

ስንቁ ከጓዳ ይውጣ። አንኮበር የገብስና የባቄላ አገር ስለ ሆነች በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦና ንፍሮ አይጠፋም። ነገር ግን ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ቆሎ አይሰጥ፤ ጉሮሮውን ሊያንቀው ይችላልና። ለእርሱ በሶ ወይም ለስላሳ ዳቦ ይያዝለት። ውሃውም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ጥማት ሲያይል ልጆች ካገኙት ምንጭ ሁሉ ይጠጣሉና ሳይጠሙ በየጊዜው ማጠጣት ይሻላል።

ጉዞው በመኪና የሆነ እንደ ሆነ ወጪው ሳይነሡ በፊት ይቈጠር። ለምሳሌ የአንድ ሰው መሳፈሪያ 100 ብር ቢሆን፥ አባትና እናት፥ ለብቻቸው የሚቀመጡ ሁለት ልጆች፥ አንድም በጭን የሚያዝ ሕፃን ቢኖሩ፥ ለአራት ሰው መሄጃው 400 ብር፥ መመለሻው 400 ብር፥ በጠቅላላው 800 ብር ይሆናል። መምህሩ የሳምንቱን እውነተኛ ዋጋ ጠይቆ ተማሪዎቹን በዚያ ያስላቸው። ከዚያም «በዚህ ገንዘብ ስንት ደብተር ይገዛል?» ብሎ ይጠይቃቸው፤ ቤተ ሰብ ሁለቱን አመዛዝኖ መምረጥ እንዳለበት ይረዱ ዘንድ።

የመመለሻው ገንዘብ ከሌላው ተለይቶ በእናትየዋ መቀነት ይቋጠር፤ ልጅ ቢያለቅስም፥ ገበያው ቢያምርም አይፈታ። ከዚህ ሌላ ለድንገተኛ ነገር የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ይያዝ፤ ካልተነካም ለሚመጣው ጉዞ ይቀመጥ።

ስድስተኛ፤ ስለ ሚሄዱባቸው ስፍራዎች

የመጀመሪያው፥ ምንም ወጪ የሌለበት፥ የቤተ መንግሥቱ ተራራ ነው። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከመናገሻዎቻቸው አንዷ ያደረጓት አንኮበርን ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ከባሕር ጠረፍ በቆላው በኩል ወጥቶ እዚህ ደረሰ፤ በ1834 ዓ.ም. ኅዳር ወርም ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ዳግማዊ ምኒልክም በዚህ ተራራ ተቀምጠው ገዝተዋል። ለልጆች የሚነገረው ታሪክ ይህ ቢሆን መልካም ነው፤ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ፤ በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሞቱ ጊዜ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው፤ በ1857 ዓ.ም. ግን አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ። ተማሪው በዕድሜ እኩያው የነበረ ልጅ ምን እንዳገኘው ሲሰማ ታሪኩን አይረሳውም። የግንቡን ድንጋይ ማንሣት ወይም መናድ ግን የተከለከለ መሆኑ ይነገረው፤ የቀረው ጥቂት ነውና።

ሁለተኛው ስፍራ ደኑ ነው። ወፍ ዋሻ የሚባለው ጥንታዊ ደን አንኮበርን፥ ባሶና ወራናን፥ ጣርማ በርንም ያዋስናል። እዚህ ልጆች ጥዱን ከዝግባው፥ ወይራውን ከኮሶው መለየት ይማሩ፤ ሽማግሌውም የያንዳንዱን እንጨት ጥቅም ይንገራቸው። በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮ ይታያል፤ ይህም ሣር እየጋጠ የሚኖር፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አውሬ ነው። በሳይንስ ስሟ አንኮበርን የምትጠራ ትንሽ ወፍም አለች፤ መልኳ ቡናማ ዝንጕርጕር ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ለሊቃውንት በጽሑፍ የታወቀች ናት። በዚሁ አካባቢ ልጥ ማረፊያ የሚባለው ስፍራ ይገኛል፤ ምኒልክ በ1869 ዓ.ም. ለኢጣልያው አገር መርማሪ ለአንቲኖሪ የሰጡት ነው። አንቲኖሪ አዕዋፍን እየመረመረ ኖሮ በ1874 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። እንግዲህ ልጆች በየቀኑ የሚያዩትን ወፍ ለማጥናት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው እንደ ነበረ ይወቁ።

ሦስተኛው ወደ ቆላው ወርዶ አልዩ አምባን ማየት ነው። ይህ ስፍራ ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ገበያ ነበር። ቆለኛው ጨውና ጥጥ፥ ደገኛው እህል እያመጣ ይለዋወጥ ነበር። በአካባቢው የሚኖረው የአርጎባ ሕዝብ በሃይማኖት እስላም፥ በንግድና በሽመና የታወቀ ነው፤ ልጆች ጎረቤታቸውን በአክብሮት ሰላምታ መስጠት በዚህ ይማሩ። አንድ ሺህ ሜትር በተወረደ ጊዜ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ከላይ የለበሱት ጋቢ የሚወልቅበት መንገድ ነው። የሚመለሱት ግን በዳገት ስለ ሆነ ሕፃን ያለው ቤተ ሰብ ለመመለሻው መኪና ካላገኘ አይውረድ። በቆላ የወባ ትንኝ ከምሽት ጀምሮ ትነክሳለችና ሳይመሽ መውጣት ያስፈልጋል።

አራተኛው ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ደብረ ብርሃን ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን በመታየቱ ከተማውን ቈርቍረው ይህን ስም አወጡለት። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለና ብርዳም ስለ ሆነ ለሕፃናት ወፍራም ልብስ ይያዝ።

ሰባተኛ፤ ስለ ጥንቃቄ

ቤተ ሰቡ ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ለጎረቤት ነግሮ ይውጣ። በገደል አጠገብ ለያንዳንዱ ትንሽ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብለት፤ «ሁላችንም እናያቸዋለን» ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው። ልጅ ከመንገድ ቢጠፋ ወዲያና ወዲህ ሳይሮጥ ባለበት ቆሞ እንዲጣራ አስቀድሞ ይማር። ለዝንጀሮ ምግብ አይሰጥ፤ አንድ ጊዜ የለመደ ዝንጀሮ ከልጅ እጅ ይነጥቃልና። ጉም መውረድ ከጀመረ፥ ወይም ልጅ ካተኰሰው፥ የታሰበው ስፍራ ባይደረስም ይመለሱ። ተራራው በሌላ ቀንም ይገኛል።

ስምንተኛ፤ ከተመለሱ በኋላ

በማግስቱ መምህሩ ልጆቹ ያዩትን እንዲናገሩ፥ የሚችሉትም እንዲጽፉ፥ ታናናሾቹ እንዲሥሉ ያድርግ። ልጅ የጠየቀውንና መልስ ያጣለትን ነገር ወላጅ ወደ ሽማግሌዎች ይውሰደው። አሁን ካልተጠየቁ ታሪኩ ከእነርሱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳልና፥ በየቤቱ ያሉት አያቶች ገና በሕይወት ሳሉ ልጅን ወደ እነርሱ ማቅረብ የጉዞው ታላቅ ፍሬ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. በቤትህ ካሉት ሁሉ ታናሹ ስንት ዓመቱ ነው? ሳይደክም ስንት ደቂቃ ይሄዳል?
2. ከቤትህ 4 ኪሎ ሜትር የሚርቅ፥ 300 ሜትር የሚያስወጣ ስፍራ አለ። ከ5 ዓመት ልጅ ጋር ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?
3. የመመለሻ ገንዘብ ለብቻው የሚቋጠረው ስለ ምን ነው?
4. በቤተ መንግሥቱ ተራራ ላይ ማን ማን ተቀምጠው ገዙ?
5. በአካባቢህ ካሉት ስፍራዎች ስሙ ለምን እንደ ወጣ የማታውቀው የትኛው ነው? ይህንስ ከማን ትጠይቃለህ?