ሁለቴ መምታትና የአማርኛ ኪቦርድ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ፕሮግራመር እየሠራው ያለውን የአንድሮይድ የአማርኛ ኪቦርድ እንዳየው ላከልኝ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የ«መ» ቁልፍ አንዴ ሲመታ «መ»፣ ሁለቴ ሲመታ «ሙ» ይጽፋል፤ ተጭነው ሲይዙት ደግሞ የቀሩት የፊደሉ ቤቶች ይዘረዘራሉ። ጥያቄው «ፊደሉ እየዘገየ ይወጣል፣ ስልኬ አርጅቶ ይሆን?» የሚል ነበር። ስልኩ ምንም አልሆነም።

ጣታችን ከስክሪኑ ሲነሳ ስልኩ ሁለተኛ ምት ይከተል አይከተል የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ይጠብቃል። የአንድሮይዱ ጄስቸር ዲቴክተር አንድን ምት በሁለት መልክ ያሳውቀናል። «ኦን ሲንግል ታፕ አፕ» ጣት እንደተነሳ ወዲያው ይጠራል፤ «ኦን ሲንግል ታፕ ኮንፈርምድ» ግን የሚጠራው ሁለተኛ ምት እንደሌለ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። መጠበቂያው ጣት ካረፈ ጀምሮ 300 ሚሊ ሰከንድ ነው። (ድረ ገጽ የምትሠሩ ይህን ቁጥር ታውቁታላችሁ። ሁለቴ መምታት ገጹን ስለሚያጎላ የስልክ ብራውዘሮች ለዓመታት እያንዳንዱን ሊንክ ይህን ያህል ያዘገዩት ነበር። ክሮም በአንድሮይድ ላይ ለስልክ ስፋት ለተዘጋጁ ገጾች ይህን ያነሳው በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ስሪት 32 ነው።)

ፎቶ ለማጉላት 300 ሚሊ ሰከንድ ምንም አይደለም። ለሚጽፍ ሰው ግን ብዙ ነው፤ የባሰም አለ። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ዲቴክተር ካለውና ስፔስ ሁለተኛ ምት የማይጠብቅ ከሆነ፣ ስፔሱ ፊደሉን ይቀድመዋል። «ነገረ» ብሎ ቶሎ ስፔስ የመታ ሰው «ነገ ረ» ያገኛል።

«ታዲያ ፊደሉን ወዲያው እንጻፈውና ሁለተኛው ምት ሲመጣ እንቀይረው» ትሉ ይሆናል። መዘግየቱ ይጠፋል፤ አማርኛው ግን እሺ አይልም። ፈጠን ብላችሁ «መመሪያ» ስትጽፉ «ሙሪያ» ይወጣል። «በበኩሉ» «ቡኩሉ» ይሆናል፤ «የየራሳቸው»ም አይተርፍም።

እኔ የምመክረው ከፊደል ቁልፎች ላይ ሁለቴ መምታትን ጭራሽ ማውጣት ነው። «መ» ሲመታ በ«ኦን ሲንግል ታፕ አፕ» ወዲያው ይጻፍ፣ ከቁልፎቹ በላይ ባለ ረድፍ ላይ ሰባቱ ቤቶች ይታዩ፣ «ሙ» ከተመረጠ «መ»ን ይተካው። ለዚህ «ሴት ኮምፖዚንግ ቴክስት» የተባለው ጥሪ ተስማሚ ነው፤ ፊደሉን ገና ያልጸና አድርጎ ስለሚያቆየው በሌላ ለመተካት መጀመሪያ ማጥፋት አያስፈልግም። «ሙ»ን ለመጻፍ ምቱ ያው ሁለት ነው፤ መጠበቅ ግን የለም።

የረድፉን ስፋት ግን አስሉት። አንድሮይድ ለሚነካ ነገር ቢያንስ 48 ዲፒ ይመክራል። 360 ዲፒ ስፋት ባለው ስልክ ላይ ለሰባቱ ቤቶች ለእያንዳንዳቸው 51 ዲፒ ገደማ ይደርሳቸዋል፤ «ሟ» ስምንተኛ ሆና ከገባች ወደ 45 ይወርዳል። እኔ ብሆን «ሟ»ን «ማ»ን ተጭኖ በመያዝ እንድትወጣ አደርጋለሁ። ተጭኖ መያዝ ከአንድ ምት ጋር አይጣላም፦ ጣት ቶሎ ከተነሳ ምት ነው፣ ከቆየ መያዝ ነው።