ጫጩት ከመግዛት በፊት ሙቀት ማዘጋጀት፦ ለጀማሪ አርቢዎች

በቤቱ ዶሮ ማርባት የሚጀምር ሰው ሁለት አማራጭ አለው። አንዱ ሌላ አሳዳጊ ከትቦ ለ45 ቀን ያሳደገውን ዶሮ መግዛት ነው። ሁለተኛው የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ ራሱ ማሳደግ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ዋጋው ዝቅ ያለ በመሆኑ ብዙዎችን ይስባል። ይሁን እንጂ የ45 ቀኑ ቀለብ፣ ክትባት፣ ድካምና የሞት ስጋት ሁሉ ወደ ገዢው ይዞራል። ከዚህ ውስጥ ከባዱ የመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ሙቀት

ጫጩት ላባ እስኪያበቅል ድረስ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መጠበቅ አይችልም። እናት ያለችው ጫጩት ሲበርደው ክንፏ ሥር ይገባል፤ ከመፈልፈያ ማሽን የመጣው ግን አርቢው ካዘጋጀለት ሌላ መጠጊያ የለውም። ስለዚህ ማሞቂያው ጫጩቶቹ ከመድረሳቸው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ተበርቶ መሞከር አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ በሚቆሙበት ከፍታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይቀነሳል።

ቴርሞሜትር ባይኖርም ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፦

• ማሞቂያው ሥር ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከታች ያሉት ታፍነው ሊሞቱ ይችላሉ።
• ከማሞቂያው ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ከተነፈሱ ሞቋቸዋል።
• በአንድ ጥግ ከተሰበሰቡ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ።
• ተበታትነው ከበሉ፣ ከጠጡና ከተኙ ሙቀቱ ልክ ነው።

ጀማሪዎች ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች አንዱ አምፖል ነው። ኤል ኢ ዲ አምፖል ብርሃን እንጂ ለጫጩት የሚበቃ ሙቀት አይሰጥም። ለማሞቂያ የተሠራ አምፖል ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው ከሰል ያስገባል። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ቢቀላም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል። ከዚህ የሚሻለው ዙሪያው በደረቅ ሣር የተጠቀጠቀ ሳጥን ነው። ጫጩቶቹ መሐል ላይ ባለው ክፍት ቦታ ያድራሉ፤ ሣሩ የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያቆይላቸዋል። ቀን ለመብላትና ለመጠጣት ይወጣሉ። ሳጥኑ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል።

ማደሪያና ቀለብ

ወለሉ ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ ይነጠፋል። የሚያንሸራትት ወረቀት ብቻውን ቢነጠፍ የጫጩቱን እግር ያጣምማል። ጥግ ላይ ተደራርበው እንዳይተፋፈኑ ማደሪያው በካርቶን ክብ ይደረጋል።

ጫጩቶቹ እንደደረሱ መጀመሪያ ውኃ ይሰጣቸዋል። የአንዳንዶቹን አፍ ውኃው ውስጥ ነከር ማድረግ ሌሎቹን ያስተምራል። መጠጫው ጥልቅ ከሆነ እንዳይሰምጡ ንጹሕ ጠጠር ይጨመርበታል። ቀለቡ 20 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ መሆን አለበት፤ የተፈጨ በቆሎ ብቻውን አያሳድግም።

ክትባትና ንጽሕና

ፈንግል ያልተከተበ መንጋን በጥቂት ቀናት ሊጨርስ ይችላል፤ ከያዘ በኋላም የሚያድን መድኃኒት የለውም። ጉምቦሮም በክትባት የሚከላከሉት በሽታ ነው። በኢትዮጵያ የዶሮ ክትባት ከሚያመርቱት አንዱ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። አርቢው ሲገዛ የትኛው ክትባት እንደተሰጠ ይጠይቅ፤ ቀሪውን ከአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ቆርጦ ይያዝ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልቆየ ዋጋ የለውም። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ በመሆኑ ጎረቤታሞች ተባብረው በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ወጪው ይቀንሳል።

እርጥብ ጉዝጓዝ የኮክሲዲዮሲስ መነሻ ነው። ምልክቱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና የላባ መንጨፍረር ነው። መጠጫው ሥር የረጠበው በየቀኑ ይነሳ፤ ምልክቱ ከታየም ባለሙያ ሳይውል ሳያድር ይጠራ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከ50 ጫጩት ባይበልጥ ይመረጣል። በየቀኑ የሞተው፣ የበላውና የወጣው ወጪ በደብተር ይመዝገብ። በ45ኛው ቀን አርቢው በሕይወት የቀሩትን ቆጥሮ ወጪውን ለነሱ ሲያካፍል የአንዱ ዶሮ እውነተኛ ዋጋ ይታወቃል። በሚቀጥለው ዙር ጫጩት ይግዛ ወይስ ያደገ ዶሮ፣ መልሱን ከዚያ ስሌት ያገኛል።