በደረቁ ወራት የጓሮ አትክልት ሥራ፦ መደብን በጀሪካን መለካት
ለነቀምትና ለወለጋ ከተሞች የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት ብዙ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ሆኖም የዝናቡ አብዛኛው ክፍል የሚጥለው ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከኅዳር በኋላ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ አልፎ አልፎ የሚጥለው ካፊያ አትክልት አያሳድግም። በክረምት ጎመኑ፣ ዱባውና አንጮቴው አጥር አልፎ ይታይ የነበረው ጓሮ በየካቲት ወር ደርቆ አቧራ ይሆናል። ቤተሰቡም ከደጁ ሊቀጥፈው ይችል የነበረውን ጎመን ከገበያ ለመግዛት ይገደዳል።

ለዚህ ምክንያቱ ድርቁ ብቻ አይደለም። በብዙ ጓሮዎች የምናየው ስሕተት ያለውን ጥቂት ውሃ በሰፊ መሬት ላይ መበተን ነው። እኛም ቀደም ሲል ለሁሉም ቤተሰብ አንድ ዓይነት የመደብ ልክ ስንመክር፣ ውሃውን ማን ከየት እንደሚያመጣው ሳንጠይቅ ያለፍንበት ጊዜ አለ። ቧንቧ በማይደርስበት ወይም በሚቋረጥበት ሰፈር ውሃ የሚቀዱት አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ምክራችን የእነርሱን ድካም የማይቆጥር ከሆነ ሥራ ላይ አይውልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከጀሪካኑ እንጀምራለን።

1. ውሃውን መቁጠር

በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ማለት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ በደንብ ያደገ የጎመን መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈጃል። ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ቀን የሚበቃው ለ4 ወይም ለ5 ካሬ ሜትር ነው። ይህም 1 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መደብ መሆኑ ነው። እንደ ባኮና እንደ ደዴሳ ሸለቆ ባሉ ዝቅተኛና ሞቃት ቦታዎች የመደቡን ርዝመት ወደ 4 ሜትር ማሳጠር ይገባል።

ምሳሌ፦ አንድ ቤተሰብ ለጓሮው በቀን ሁለት ጀሪካን ውሃ አለው እንበል። ሁለት መደብ ቢተክል ሁለቱም ይለመልማሉ። ስምንት መደብ ቢተክል ግን 40 ሊትሩ ለ40 ካሬ ሜትር ይከፈልና ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 1 ሊትር ብቻ ይሆናል። ይህ ውሃ የአፈሩን ገጽ ብቻ አርሶ ከቀትር በፊት ይተናል፤ ሥሩ ዘንድ አይደርስም። በዚህ ዓይነት ስምንቱም መደቦች ይጠወልጋሉ፣ የተቀዳው ውሃም ያለ ጥቅም ይቀራል።

የልማት ሠራተኛው ማንኛውንም ምክር ከመስጠቱ በፊት የቤቱን እመቤት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦
ሀ/ ውሃ በሚጠፋበት ወር፣ ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና ከዋለው በኋላ ስንት ጀሪካን ይተርፋል?
ለ/ ውሃውን የሚቀዳው ማን ነው? ከየትስ ይቀዳል?
ሐ/ ከዕቃና ከአትክልት እጣቢ በቀን ምን ያህል ውሃ ይደፋል?

የመደቡ ቁጥር የሚወሰነው በመልሱ ነው። የአትክልት እጣቢና ብዙ ቅባት የሌለው የዕቃ እጣቢ ለመደብ ይውላል፤ በቅጠል ላይ ሳይሆን በሥሩ ዙሪያ ይፍሰስ። የልብስ እጣቢ፣ በረኪና ከሌለበት፣ ለሙዝና ለጌሾ ሥር ይደፋል። በጥሬው የሚበላ ቅጠል በእጣቢ አይጠጣም።

2. መደቡን ዝቅ ማድረግ

በክረምት ውሃ እንዳይተኛበት ከፍ ተደርጎ የተሠራ መደብ በበጋ ጎጂ ነው፤ ከጎንና ከጎን ነፋስና ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ውሃውም ወደ መተላለፊያው ይወርዳል። በደረቁ ወራት መደቡ ከመሬቱ ገጽ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ተደርጎ ይሠራ፤ የሚወጣው አፈር በዙሪያው እንደ ትንሽ ክትር ይደልደል። ዝናቡ ሲገባ መደቡ መልሶ ከፍ ይደረጋል።

3. አፈሩን መሸፈን

ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር፣ የሙዝ ቅጠል ወይም የቡና ገለባ በተክሎቹ መካከል ሲነጠፍ የአፈሩ እርጥበት ቶሎ አይተንም፣ አረምም ይቀንሳል። ጉዝጓዙ ከግንዱ አራት ጣት ያህል ይራቅ። ዘር የያዘ ሣር ግን ራሱ አረም ስለሚሆን አይነጠፍም።

በመንዲ፣ በነጆና በአካባቢያቸው ምስጥ ለብዙ ዘመን የታወቀ ችግር በመሆኑ ይህ ምክር በጥንቃቄ ይፈጸም። በነዚህ ቦታዎች ጉዝጓዙ ሳሳ ይበል፣ ከቤት ግድግዳና ከአጥር ይራቅ፣ በየሳምንቱም እየተገለጠ ይታይ። የምስጥ ጭቃ ከታየበት ጉዝጓዙ ተነሥቶ በምትኩ የበሰለ ኮምፖስት ይነስነስ።

4. የማጠጣት ሥርዓት

የሚጠጣው ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። በተሸፈነ መደብ ላይ የሁለት ቀኑን ውሃ አጠራቅሞ በሁለተኛው ቀን በደንብ ማጠጣት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳልና። አዲስ የተተከለ ችግኝ ግን እስኪይዝ ድረስ በየቀኑ ይጠጣ።

ውሃ መቼ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጎ ጣትን ወደ አፈሩ ማስገባት ይበቃል። ከጣቱ ጫፍ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ለዚያ ቀን አይጠጣም። ጎመን በቀትር ስለ ጠወለገ ብቻም ውሃ አይጨመርለት፤ ማታ ላይ ቀና ካለ አልተጠማም።

ጎመን ሲቀጠፍ የታችኛው ቅጠል ይቀደም፤ ከጫፉ አምስት ወይም ስድስት ቅጠል ይቅርለት።

5. ተባይን መጠበቅ

በደረቅ ወራት የጎመን ክሽክሽ ይበዛል። በየሦስት ቀኑ የቅጠሉን ጀርባ ማየት ያስፈልጋል። የተጠቃው ቅጠል ተቀጥፎ ይቀበር፤ ጥቂት የሆነው በእጅ ይጨፍለቅ ወይም በውሃ ይታጠብ። ያረጀና አገዳ ብቻ የቀረው ጎመን የተባይ መጠለያ ስለሆነ ይነቀል።

ማንጎ ያለው ቤት ደግሞ ነጩን ቅርፊታም ተባይ ይከታተል። ይህ ተባይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ፣ በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ በሎኮ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛምቷል። በቅጠልና በፍሬ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ፍሬው ተለቅሞ ሲያበቃ የታፈኑት ቅርንጫፎች ይቆረጡ፣ የተጠቃው ቅጠል ይቃጠል። የማንጎ ችግኝ ወይም ቅጠል ከተጠቃ ቦታ ወደ ሌላ አይወሰድ።

6. ለዝናቡ መዘጋጀት

ጥር፦ ኮምፖስት በበጋ በጉድጓድ ይሠራ፤ ከመሬት በላይ የተከመረው ቶሎ ይደርቃል። በቂ እርጥበት እንዳለው ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጦ ማየት ነው፤ መዳፍን አርሶ ካልተንጠባጠበ ልክ ነው።

የካቲት፦ ለቡናና ለፍራፍሬ ተክል በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፈር። የላዩ አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ። ከመትከያው አንድ ወር በፊት የላዩ አፈር ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ይመለስ። የወለጋ ቀይ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ጎምዛዛ ስለሆነ የምድጃ አመድ ይጠቅማል፤ በካሬ ሜትር አንድ እፍኝ ይበቃል። አመድ ግን ከትኩስ እበት ወይም ከዩሪያ ጋር አይቀላቀል፤ ናይትሮጅኑ በንኖ ይጠፋልና።

መጋቢት፦ የበርበሬ ችግኝ መደብ ይዘጋጅ። ቀድሞ በርበሬ፣ ቲማቲም ወይም ድንች ያልነበረበት ቦታ ይመረጥ። ዘሩ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመስመር ተዘርቶ በስሱ አፈርና በደረቅ ሣር ይሸፈን፤ ሲበቅል ሣሩ ተነሥቶ ከላይ ዳስ ይሠራለት። ይህ መደብም ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ወር ያረጀው የጎመን መደብ ተነቅሎ ጀሪካኑ ለችግኙ ይተላለፍ፤ በቀዳጁ ላይ አዲስ ሸክም አይጨመር።

ሚያዝያ፦ በመስቀል ሰሞን የሚበላው አንጮቴ የሚተከለው ዝናቡ ሲገባ ስለሆነ፣ ቦታው አስቀድሞ ተቆፍሮ መደገፊያው እንጨት ይዘጋጅ።

7. በመጀመሪያው ዝናብ አለመታለል

በመጋቢት ወይም በሚያዝያ አንድ ከባድ ዝናብ ጥሎ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊደርቅ ይችላል። በዚያ ዝናብ የተዘራ ዘር ይበቅልና ይቃጠላል፤ ቤተሰቡ ለዓመቱ ያስቀመጠው ዘር ያ ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ከመዝራት በፊት አፈሩ ተቆፍሮ ይታይ፤ እርጥበቱ አንድ ስንዝር ካልወረደ ይጠበቅ። የሚቸኩል ሰው ቢኖር እንኳ ከዘሩ ግማሹን ያስቀምጥ።

8. የማኅበራት ድርሻ

ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከምንጭ ወይም ከወንዝ አጠገብ የጋራ የችግኝ ጣቢያ ቢያቋቁሙ፣ እያንዳንዱ ቤት ለችግኝ የሚቀዳው ውሃ ይቀራል። የውሃ ማጠጫ፣ በርሜልና የጣራ አሸንዳ በጅምላ ገዝቶ ለአባላት ማከፋፈልም ይቻላል። ተረኛ የዘር ጠባቂ ተመርጦ የጋራ መጠባበቂያ ዘር ቢኖር፣ በሐሰተኛ ዝናብ የተጎዳ አባል እንደገና መዝራት ይችላል።

ማጠቃለያ

በጓሮ ጉብኝት ጊዜ የልማት ሠራተኛው ከሚመዘግባቸው ነገሮች ቀዳሚው የጀሪካኑ ቁጥር ይሁን። አንድ ጀሪካን በቀን ለአንድ መደብ ነው። ሁለት በደንብ የጠጡና የተሸፈኑ መደቦች ያለው ቤት እስከ ዝናቡ ጎመን ይቀጥፋል። በሚቀጥለው ዓመት አሸንዳና በርሜል ሲጨመርለት ሦስተኛውን መደብ ይቆፍራል።